የእንዶዱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ

አዲስ አበባ (ኢዜአ) - በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የአያት አካባቢ ዛሬ በመኖሪያ ቤቶችና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የተሞላ፣ የከተማዋ ቀላል ባቡርም የምሥራቅ መዳረሻውን ያደረገበት ሰፈር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ግን አካባቢው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። በዚያን ጊዜ፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቀበሌዎች ሁሉ፣ ሳሙና እንደልብ በማይገኝበት ቤት ለበዓልና ለሠርግ የሚለበሰውን ነጭ ጋቢና ነጠላ ለማጠብ የሚያገለግለው እንዶድ ነበር።

እንዶድ በአጥር ጥግ፣ በጫካ ዳርና በወንዝ አካባቢ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውኃ ሲዘፈዘፍም አረፋ ይሰጣል። እናቶች ይህን እውቀት ከእናቶቻቸው ተረክበው ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከአረፋው ጀርባ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያሠቃይ በሽታ የሚቀንስ ኃይል እንዳለ በሳይንስ ያሳየው ግን አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ነው።

ይህ ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ስማቸው ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የምርምር ተቋም በር ላይ ይነበባል። የሕይወት ታሪካቸው የገጠሩን ሕዝብ እውቀት ከቤተ ሙከራ ጋር ለማገናኘት የተደረገ የረጅም ጊዜ ትግል ነው። ትግሉ በከፊል ድል የተገኘበት፣ በከፊል ደግሞ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ በመሆኑ፣ በግብርና፣ በውኃ፣ በጤናና በምርምር መሥሪያ ቤቶች ለሚያገለግሉ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ትምህርትና ወደ አገር መመለስ

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ደፍ ላይ በነበረችበት ዘመን ነው። ያደጉት ከነፃነት በኋላ ዘመናዊ ትምህርት እንደገና በተስፋፋበት ጊዜ ሲሆን፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ለመሆን በቁ። በመጨረሻም በስመ ጥሩው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጡ በሽታዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በዚያን ጊዜ በሙያው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሠለጠነው ዓለም ሥራ አግኝቶ መቅረት ለእንደዚህ ያለ ምሁር አስቸጋሪ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ትኩረታቸውን የሳበውም በወንዝ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናትን የሚያጠቃው ቢልሃርዚያ ነበር።

ውኃ ያመጣው በሽታ

በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ሆስፒታል መንስኤውን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። መንስኤው በሰው የደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው በሰገራ ወይም በሽንት ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በውኃው ውስጥ ወደሚኖር አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሰውነት ይገባል። በቀንድ አውጣው ውስጥ በብዛት ተራብቶ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣና፣ ልብስ የሚያጥቡትን፣ ውኃ የሚቀዱትን፣ የሚዋኙትንና በመስኖ የሚሠሩትን ሰዎች ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው ቀስ በቀስ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ይጎዳል፤ የሕፃናትን እድገትና ትምህርት ያደናቅፋል፤ የአዋቂውንም ጉልበት ይቀንሳል።

ከዚህ እንደሚታየው ሰንሰለቱ ሦስት መያዣዎች አሉት፤ እነርሱም ሰው፣ ውኃና ቀንድ አውጣ ናቸው። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ ዕድገቱን መጨረስ አይችልም። በዚህም ምክንያት በዘመኑ ከነበሩት ዋነኛ የመከላከያ ዘዴዎች አንዱ ቀንድ አውጣውን በኬሚካል መግደል ነበር። ኬሚካሉ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ምርት በመሆኑ፣ በሽታው የሚበረታባቸው ድሀ አገሮች በየጅረታቸው ሊረጩት አቅም አልነበራቸውም።

የአድዋው ጅረት

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ የቀንድ አውጣዎችን ስርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ አቀኑ። በከተማዋ የሚያልፉት ጅረቶች ሕዝቡ የሚጠጣባቸው፣ የሚታጠብባቸውና ከብቱን የሚያጠጣባቸው ነበሩ። ወጣቱ ተመራማሪ በጅረቱ ዳር ላይና ታች እያሉ ናሙና ሲሰበስቡ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈዋል። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ባለው ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደህና ናቸው። ርቆ ወደ ታች በሚገኘውም እንደዚሁ በሕይወት ያሉ ይገኛሉ።

ሌላ ሰው ይህን አይቶ ሊያልፈው ይችል ነበር። ዶክተር አክሊሉ ግን ሴቶቹ በምን እንደሚያጥቡ ጠየቁ፤ መልሱም እንዶድ ነበር። ወዲያውኑም በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከልብስ አጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ጥቂት እንዲጨመርበት አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት ነገር በአንዲት ጅረት ዳር፣ በልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ተገኘ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ዋናው ሥራ ተጀመረ። በዓይን የታየው ነገር በቤተ ሙከራ መረጋገጥ ነበረበት። ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ውኃ ውስጥ በስንት ሰዓት ቀንድ አውጣን ይገድላል? ፀሐይ፣ ጭቃና የውኃው ዓይነት ኃይሉን ይቀንሱታል ወይ? ሰውን፣ ከብትንና ዓሣን ይጎዳል ወይ? ለነዚህ ጥያቄዎች በተከታታይ መልስ ሲፈለግ፣ ደርቆ የተፈጨው የእንዶድ ፍሬ በጣም በአነስተኛ መጠን ቀንድ አውጣን እንደሚገድል፣ በውኃ ውስጥም በጥቂት ቀናት ተበላሽቶ ኃይሉን እንደሚያጣ ታወቀ። ይህ የኋለኛው ባሕርይ ለረጅም ጊዜ በአካባቢ ከሚቆዩ ኬሚካሎች የሚለየው ነው። በሌላ በኩል ቀንድ አውጣውን በሚገድለው መጠን ዓሣንም እንደሚገድል ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ዓሣ በሚመረትባቸው ውኃዎች ለመጠቀም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በአገር ውስጥ የተገነባ ተቋም

ዶክተር አክሊሉ አንድ ግኝት ያለ ተቋም ሥር እንደማይሰድ የተረዱ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ጥረት እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ እርሳቸውም ለአሥር ዓመት ያህል በዳይሬክተርነት መሩት። የኢንስቲትዩቱ ዓላማ የአገሪቱን ዋና ዋና ተላላፊ በሽታዎች በአገር ውስጥ ባለሙያ፣ በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ማጥናት ነበር። በዚህም መሠረት ከቢልሃርዚያ በተጨማሪ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌሽማንያሲስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ያለው ሁኔታ ተጠንቷል።

ይሁን እንጂ ተቋሙ ብቻውን ሁሉን ማድረግ አይችልም ነበር። የእንዶድ ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ዶክተር አክሊሉ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ጋር ሠሩ። በዚያ በተደረገው ምርመራ ቀንድ አውጣን የሚገድሉት ሳፖኒን የሚባሉ አረፋ ሰጪ ውሁዶች መሆናቸው ተለየ። ከእነርሱም አንዱ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ስም ለማቶክሲን ተባለ። በሳይንስ ዓለም አንድ ውሁድ በአግኚው ስም መጠራቱ ትልቅ ክብር ነው።

ከኬሚስትሪው ሥራ አንድ ተጨማሪ ነገር ተገኘ። ውሁዶቹ ኃይል የሚያገኙት ደረቁ ፍሬ ተፈጭቶ በውኃ ሲርስ ነው። ይህም ማለት እናቶች ከጥንት ጀምሮ ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠውና ዘፍዝፈው የሚጠቀሙበት መንገድ ራሱ ትክክለኛው ዘዴ ነበር። አርሶ አደሩ እንዶድን ለቀንድ አውጣ መከላከያ ለማዘጋጀት ፋብሪካ አያስፈልገውም።

የአምስት ዓመቱ ሙከራ

በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት በሕዝብ መካከል መፈተን ነበረበት። ለዚህም እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ወደ 17 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። በአካባቢው የሚለቀመው እንዶድ እየደረቀና እየተፈጨ በጅረቶቹ ላይ ይጨመር ነበር፤ የቀንድ አውጣዎቹ ቁጥርና የነዋሪው የበሽታ ሁኔታም በየጊዜው ይመረመር ነበር።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ሆነ። ሙከራው ሲጀመር ከነዋሪው ከመቶ ስልሳ በላይ የሚሆነው በበሽታው የተያዘ ሲሆን፣ ሲጠናቀቅ ቁጥሩ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከሁሉ የሚያስደስተው የትንንሽ ሕፃናቱ ውጤት ነበር፤ ከመቶ 50 የነበረው ወደ ከመቶ 7 ወረደ። አዋቂው ቀድሞ የያዘው ትል በሰውነቱ ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ አዲስ መተላለፍ መቆሙን በትክክል የሚያሳዩት በሙከራው ዘመን የተወለዱትና ያደጉት ሕፃናት ናቸው። በእነርሱ ላይ የታየው ለውጥ ዘዴው በትክክል መሥራቱን ያስረዳል።

የጥረቱ ሁለተኛ ምሰሶ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ዶክተር ለገሠ የእንዶድን የእርሻ ጥናት በመያዝ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ከስልሳ በላይ የእንዶድ ዓይነቶችን አነጻጽረው መረመሩ። ሁሉም እንዶድ እኩል ኃይል የለውም፤ እኩል ምርትም አይሰጥም፤ ተባይንም እኩል አይቋቋምም። ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ በቁጥር 44 የተሰየመው ዓይነት ከተመረጡት ውስጥ ዋነኛው ሆነ። በዚህም በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ቁጥቋጦ አርሶ አደሩ በማሳው ሊያለማው የሚችል ሰብል ለመሆን መንገዱ ተከፈተ።

መስኖና ጤና

ይህ ጉዳይ የጤና ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት በዚያው ዘመን የነበረውን የልማት ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። በአዋሽ ሸለቆ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀምሯል፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቁሞ የመስኖ እርሻ እየሰፋ ነበር። የመስኖ ቦይ ለሸንኮራ አገዳና ለጥጥ ውኃ ያደርሳል፤ ለቀንድ አውጣም ምቹ መኖሪያ ይሆናል። ከደጋው ለሥራ የሚመጣው ወዛደር በሽታውን ይዞ ሲመጣ ሰንሰለቱ ይሟላል። በወንጂ የስኳር እርሻ የአንጀት ቢልሃርዚያ፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ደግሞ የሽንት ፊኛው ዓይነት መኖራቸው በጥናት ተረጋግጧል።

ስለዚህ ምግብ ለማምረት የተገደበው ውኃ አምራቹን የሚያዳክም ከሆነ ልማቱ ከአንድ ወገን የሰጠውን ከሌላ ወገን ይወስዳል ማለት ነው። ግድብና ቦይ የሚያቅደው መሥሪያ ቤት ከጤናው መሥሪያ ቤት ጋር ከመነሻው መመካከር የሚኖርበት ለዚህ ነው። የእንዶድ ምርምር ያቀረበው ሐሳብም አርሶ አደሩ በመስኖው ዳር እንዶድ ተክሎ፣ ራሱ ለቅሞና ፈጭቶ፣ ውኃውን በራሱ እጅ እንዲጠብቅ የሚያስችል ነበር።

የተዘጋው በር

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘበት ምርምር በፍጥነት ወደ ሥራ ይገባል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአገር ውስጥ የ1966ቱ አብዮት የመንግሥትን አወቃቀርና የምርምር ሥራውን ሁኔታ ለወጠ። ዶክተር አክሊሉም ኢንስቲትዩቱን ለአሥር ዓመት ከመሩ በኋላ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተዛውረው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ መሥራት ጀመሩ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ እንዶድን በስፋት ለመጠቀም የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ድርጅቱም በጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ለሰውና ለአካባቢ ደህንነቱ ዓለም አቀፍ መመዘኛን ባሟላ ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቀ። የደህንነት ምርመራ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ወደ ወንዝ የሚጨመር ነገር ሁሉ መመርመር አለበትና። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብ አለመገኘቱ ላይ ነበር። አዲስ ኬሚካል የሚያወጣ ትልቅ ኩባንያ የምርመራውን ወጪ ይሸፍናል፤ ኋላ ሸጦ ስለሚያተርፍበት። በየአጥሩ በሚበቅል ቁጥቋጦ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ ግን አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ ከዚህ በላይ የሚያሳዝናቸው ሌላ ነገር እንደነበር በጽሑፎቻቸው ገልጸዋል። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት፣ ሥራው ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ በውጭ ሰዎች እስካልተደገመ ድረስ እንደ ማስረጃ አለመቆጠሩ ነበር። ይህን አመለካከት ሕይወታቸውን ሙሉ ተከራክረውበታል።

በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጣ። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ በሚወሰድ መጠን በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል የሚገድል በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የዓለም ጤና ድርጅት ስልት ቀንድ አውጣን ከመግደል ይልቅ ሕሙማንን ወደ ማከም አዘነበለ። መድኃኒቱ ለብዙዎች ፈውስ ሆኗል። ሆኖም የታከመ ሕፃን ነገ ወደዚያው ጅረት ሲገባ ዳግም ይያዛል። መድኃኒቱ የሰውን አካል ያጸዳል እንጂ ውኃውን አያጸዳም።

ከሉሳካ እስከ ስቶክሆልም

ዶክተር አክሊሉ በሩ ቢዘጋም አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዛምቢያ ርዕሰ ከተማ ሉሳካ የእንዶድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ዐውደ ጥናት እንዲካሄድ አደረጉ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1986 በስዋዚላንድ የደህንነት ጥናቱን የሚመለከት ስብሰባ ተደረገ። በእነዚህ ሥራዎች የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማክሁቡና የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሄይነማን አብረዋቸው ቆመዋል። በዚህ መልኩ የኢትዮጵያ ግኝት የአፍሪካ ሳይንቲስቶች የጋራ ጉዳይ ሆነ።

በመጨረሻም በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ ዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብን በተከተለ መንገድ የደህንነት ምርመራው ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። ምርመራውም እንዶድ ዓይንን የሚያስቆጣ መሆኑን፣ ከዚህ ውጪ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለአጥቢ እንስሳት ያለው አደገኛነት አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ከአድዋው ጅረት እስከዚህ ውጤት ድረስ 27 ዓመታት አልፈዋል።

ምርመራው ሳይታተም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በጋራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በስዊድን የሚሰጠውና አማራጭ የኖቤል ሽልማት እየተባለ የሚጠራው ይህ ሽልማት፣ ለሰው ልጅ ችግር ተግባራዊ መፍትሔ ላስገኙ ሰዎች የሚሰጥ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የብዝኃ ሕይወትንና የአርሶ አደሩን መብት በማስከበር ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል።

በዚያው በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከፊንላንዳዊው ምሁር ፔንቲ ማላስካ ጋር በመሆን የአፍሪካን የረሃብና የልማት ጥያቄ የሚመለከት መጽሐፍ ለሮም ክበብ አዘጋጅተው አቅርበዋል። በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። በተመደቡበት ሁሉ የሚያነሡት አንድ ሐሳብ ነበር፤ አፍሪካ ችግሯን የሚያጠና የራሷ ተቋምና የራሷ ተመራማሪ ያስፈልጋታል የሚል።

የባለቤትነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ ተዛመተ። እንስሳው የኃይል ማመንጫዎችንና የውኃ አገልግሎት ድርጅቶችን ቧንቧዎች እየደፈነ ከፍተኛ ኪሣራ አስከተለ። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ከሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ባደረጉት ሙከራ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። በዚህም መነሻ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የእርሳቸውም ስም በፈልሳፊነት ያለበት የአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠ፤ መብቱም የዩኒቨርሲቲው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሣ። እውቀቱ የኢትዮጵያ እናቶች፣ ተክሉ የኢትዮጵያ ሀብት፣ የመጀመሪያው ምርምር የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሳለ፣ ከመብቱ ገቢ ቢገኝ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፍ መድረኮች በምሳሌነት ሲጠቀስ ቆይቷል። በድሀ አገር ቀንድ አውጣ ላይ ለዓመታት ገንዘብ ያልተገኘለት ተክል፣ የሀብታም አገር ቧንቧ ሲደፈን ወዲያው ዋጋ ማግኘቱም ለብዙዎች መነጋገሪያ ሆኗል።

አገራችን ከዚህና ከመሰል ገጠመኞች ትምህርት ወስዳለች። የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃለች። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ እውቀትን ስለማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንኛውም ወገን እንዲህ ያለውን ሀብት ለመጠቀም ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያጋራ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2012ም አገሪቱ የናጎያ ፕሮቶኮል አባል ሆናለች። ሕጉ ሙሉ ፍሬ የሚሰጠው ግን በየወረዳው ያለው ባለሙያ የአካባቢውን እውቀት ሲመዘግብና ሲጠብቅ ነው።

ስምና አደራ

ዶክተር አክሊሉ ለማ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በስድሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። የመሠረቱት ተቋም ከሞታቸው በኋላ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተሰየመ። ተቋሙ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በተላላፊና በሐሩር ክልል በሽታዎች ላይ ምርምር ያደርጋል፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪም ተመራማሪዎችን ያሠለጥናል።

ቢልሃርዚያ ግን ገና አልጠፋም። በዓለም 78 አገሮች መተላለፉ የተመዘገበ ሲሆን፣ በአገራችንም በሐይቆችና በመስኖ አካባቢዎች ሕዝቡን ማስቸገሩን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው አገር አቀፍ መርሐ ግብር ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው መድኃኒት ሲያገኙ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጎን የንጹሕ ውኃ አቅርቦት፣ የአካባቢ ጽዳትና ቀንድ አውጣን በተመረጡ ቦታዎች መቆጣጠር እንደሚያስፈልግ አመልክቷል። ዶክተር አክሊሉ ውኃውም መጠበቅ አለበት ብለው ከተከራከሩ ከአምስት አሥርት ዓመታት በላይ በኋላ፣ ቀንድ አውጣው እንደገና በመፍትሔው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

እንዶድ ግን እስከ ዛሬ በአገር አቀፍ ደረጃ በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። የተመረጠ ዓይነት ተገኝቷል፤ የአድዋው ውጤት ተመዝግቧል፤ የደህንነት ምርመራው ታትሟል። የቀረው ግብርናው፣ ውኃው፣ ጤናውና ምርምሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የት ቦታ ይጠቅማል፣ የትስ አይጠቅምም የሚለውን በእቅድ መወሰን ነው። ዓሣ ያለበት ሐይቅና ዓሣ የሌለበት የመስኖ ቦይ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይጠይቁም። ርካሽ የሆነው ዘዴም ለቀማውን፣ ማድረቁንና ማከፋፈሉን የሚከታተል ቋሚ ባለቤት ከሌለው ከሙከራ አያልፍም።

ዛሬ በአያትና በሌሎች የአዲስ አበባ ሰፈሮች ልብስ የሚታጠበው በሱቅ ሳሙናና በማጠቢያ ማሽን ነው። እንዶድን የሚያውቁት እናቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ነው። ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ጅረት ዳር ቆመው ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ባይጠይቁ ኖሮ፣ የአድዋ ሕፃናት ውጤትም ሆነ በስማቸው የሚጠራው ተቋም ባልኖረ ነበር። ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ የግብርና፣ የውኃ ወይም የጤና ባለሙያም ከመሣሪያው ጋር ይህንኑ የመጠየቅ ልማድ ይዞ መውጣት ይኖርበታል።